ሶፍትዌሩ እና የ60ዎቹ አምፕ፦ ጆሮህ የሰማው ልዩነት ከየት ነው የመጣው?

ጥያቄው፦ «ቤት ውስጥ ጊታር የምጫወተው በኮምፒውተር ነው፤ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ጊታርን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ መሣሪያ) ላይ ሰክቼ በአምፕ ሶፍትዌር። በቅርቡ አንድ ወዳጄ ዘንድ በ1960ዎቹ የተሠራ ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ የተባለ የጊታር አምፕ (ድምፅ ማጉያ) ሞከርኩ። ቤቴ ስመለስ የራሴ ድምፅ አስጠላኝ። ያው አምፕ ሶፍትዌሩ ውስጥም አለ፤ ግን ከመስታወት ጀርባ ሆኖ የሚጮህ ይመስለኛል። ወዳጄ አምፑን ሊሸጥልኝ ፈቃደኛ ነው። ሶፍትዌር እውነተኛውን መቼም አይደርስበትም ማለት ነው? ወይስ እኔ ነኝ የማላውቅበት? ልግዛው?»

ምላሽ፦

አጭሩን መልስ ላስቀድም። የሰማኸው ልዩነት የምር ነው፤ ጆሮህ አልዋሸህም። ነገር ግን ትልቁ ድርሻ የሶፍትዌርና የቲዩብ (አሮጌ አምፖች ድምፅ የሚያጎሉበት አምፖል መሰል ክፍል) ጉዳይ አይደለም። አንተ ሁለት አምፖችን አላወዳደርክም። በአንድ በኩል ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አየር የሚገፋ ስፒከር አለ። በሌላ በኩል ማይክ ተደቅኖበት የተቀዳ ስፒከር አለ፤ እሱንም የምትሰማው በትንንሽ ሞኒተር (የስቱዲዮ ስፒከር) ወይም በሄድፎን ነው። ያንኑ የወዳጅህን አምፕ ሌላ ክፍል አስገብተን፣ ማይክ ደቅነንበት፣ አንተን በሄድፎን ብናሰማህ ያን ጊዜም «ከመስታወት ጀርባ ነው» ማለትህ አይቀርም። ብዙ ጊታሪስቶች መጀመሪያ ስቱዲዮ ገብተው የገዛ አምፓቸውን ቅጂ ሲሰሙ የሚደነግጡት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጉዳዩን ለሁለት መክፈል ይሻላል። አንደኛው የስፒከሩና የክፍሉ ነገር ነው። ሁለተኛው ይህ ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው፣ ማለትም ሰርኪዩቱ ለጣትህ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ሁለቱ ስለሚደባለቁ ነው ይህ ክርክር ዘላለም መቋጫ የማያገኘው።

ከስፒከሩ እንጀምር። ዴሉክስ ሪቨርብ ያለው አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ነው፤ ሳጥኑም ከኋላ ክፍት ነው። ድምፁ ከፊትም ከኋላም ይወጣል፣ ግድግዳ መትቶ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ትልቅ ስፒከር ቀጭኑን ድምፅ በጠባብ መስመር ወደ ፊት ብቻ ነው የሚልከው። አምፑ መሬት ላይ ሆኖ አንተ ቆመህ ስትጫወት፣ ያ ሹል ድምፅ በጉልበትህ በኩል ያልፋል እንጂ ጆሮህ ውስጥ አይገባም። ማይኩ ግን ከስፒከሩ ጥቂት ሴንቲሜትር ላይ ነው የሚደቀነው። ጤነኛ ሰው ጆሮውን እዚያ አያስቀምጥም! ሶፍትዌሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጥህ ይህንኑ የማይኩን ድምፅ ነው፤ ምክንያቱም የተሠራው ለቀረጻ ነው።

ቀጥሎ የድምፅ መጠን አለ። 22 ዋት ሲባል ትንሽ ይመስላል። ቤት ውስጥ ግን 22 ዋት የቲዩብ አምፕ ጎረቤት ያጣላል። ጆሯችን ደግሞ በተለያየ የድምፅ መጠን አንድ ዓይነት አይሰማም። ሃርቪ ፍሌቸርና ዋይልደን መንሰን በ1933 ይህንን ለክተው አሳይተዋል፤ ድምፅ ዝቅ ሲል ወፍራሙን ድምፅ ከመሃከለኛው በበለጠ እናጣዋለን። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ ወዳጅህ ዘንድ ደረትህን እየነካህ የተጫወትክበትን ነገር፣ ቤትህ ስትገባ በሹክሹክታ መጠን ከሌላው ጋር አስተያየኸው። ያኔ የትኛውም ሶፍትዌር ተሸናፊ ነው። እውነተኛው አምፕ ራሱ በዚያ መጠን ቢሰማ ይሳሳል።

ሦስተኛም ነገር አለ፤ ይሄኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። አምፑ ጮክ ብሎ ሲጫወት አየሩ ተመልሶ ክሩንና የጊታሩን እንጨት ይነቀንቃል። ኖታው ይረዝማል፤ አንዳንዴም ወደ ፊድባክ ያብባል። ጊታር፣ አምፕ፣ ስፒከር፣ አየር፣ ተመልሶ ጊታር። ይህ ዑደት በሄድፎን አይኖርም፤ ሶፍትዌሩ ፍጹም ቢሆንም አይኖርም። «አምፑ ሕይወት አለው» ሲባል ከሚሰማህ ነገር አንድ ትልቅ ክፍል ይኸው ነው።

አሁን ይህንን ሁሉ አስወግደን እንበል። ሁለቱንም በአንድ ስፒከር፣ በአንድ ክፍል፣ በእኩል የድምፅ መጠን ሰማናቸው። የሚተርፍ ልዩነት አለ? አለ። ጠባብ ነው፤ ግን አለ። መገኛው በአብዛኛው አምፑ የመጨረሻ ጉልበቱን የሚያወጣበት የኋለኛው ክፍል ውስጥ ነው።

አንድ ኮርድ ጠንከር አድርገህ ስትመታ ምን እንደሚሆን ቀረብ ብለን እንየው። ሁለቱ 6ቪ6 ቲዩቦች ድንገት ብዙ ከረንት ይጠይቃሉ። ከረንቱ የሚመጣው ተለዋዋጩን መብራት ወደ ቀጥተኛ በሚቀይረው በጂዜድ 34 ቲዩብና በትራንስፎርመሩ በኩል ነው። እነሱ በቅጽበት የፈለጉትን ያህል መስጠት አይችሉም፤ ቮልቴጁ ጎንበስ ይላል። ድምፁ መጀመሪያ ላይ ይጨፈለቃል። ከዚያ ክሩ እየደከመ ሲሄድ ቮልቴጁ ያገግማል፤ ኖታውም ቀስ ብሎ መልሶ ይነሳል። ጊታሪስቱ ይህንን «ሳግ» ይለዋል። ጆሮህ እንደ ልስላሴ ይሰማዋል፤ ጣትህ ደግሞ ክሩ ራሱ የሚለጠጥ ይመስለዋል። ለነገሩ ጂዜድ 34 ከብጤዎቹ መካከል ጠንከር ያለው ነው። በ1950ዎቹ ትንሹ የፌንደር ዴሉክስ ላይ የነበረው 5ዋይ3 ከዚህ በላይ ይጎነበሳል፤ ስለዚህ ያ አምፕ ጮክ ሲል ለስላሳ፣ አንዳንዴም ልፍስፍስ ነው።

ሌላም ነገር በዚያው ቅጽበት ይፈጸማል። በሁለት ቲዩቦች መካከል ሲግናሉን የሚያሻግር ትንሽ ካፓሲተር (የኤሌክትሪክ ቻርጅ የሚያጠራቅም ክፍል) አለ። ምቱ በጣም ሲበረታ ያ ካፓሲተር ከሚገባው በላይ ቻርጅ ይይዛል፤ ቀጣዩ ቲዩብም ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ከቦታው ይንሸራተታል። ቻርጁ ፈስሶ እስኪያልቅ ድረስ ቲዩቡ የሚሰጠው ድምፅ ሌላ ነው። ስለዚህ አሁን የምትመታው ኖታ ትንሽ ቀደም ብለህ ከመታኸው ኖታ ነፃ አይደለም። አምፑ የቅርቡን ያስታውሳል። ለእኔ የአሮጌ አምፕ ምስጢር የሚባለው ነገር ካለ ይኸው ነው።

የቀድሞ ሶፍትዌሮች የወደቁት እዚህ ጋ ነበር። ላይን 6 የተባለው ኩባንያ አክሲስ 212 የተባለውን ዲጂታል አምፕ በ1996፣ ፖድ የተባለውን አምፕ አስመሳይ መሣሪያ በ1998 ሲያወጣ የኮምፒውተር ቺፕ አቅም ውስን ነበር። ሲግናሉን በአንድ የተወሰነ ቀመር አጣምሞ፣ ማጣሪያ ጨምሮ ማለፍ ነበር ሥራው። ትዝታ የለውም፤ ስለ ጎንበስ ማለትም አያውቅም። በዚያ ላይ ሌላ ጣጣ ነበረበት። በሰከንድ 48 ሺህ ጊዜ የሚለካ ዲጂታል ድምፅ ከ24 ኪሎኸርዝ በላይ ያለን ነገር መያዝ አይችልም። ዲስቶርሽን (የሲግናሉ መጣመም) ግን የሚፈጥራቸው ተጨማሪ ቀጫጭን ድምፆች፣ ሃርሞኒክስ የሚባሉት፣ ከዚያ በላይ ይወጣሉ። 30 ኪሎኸርዝ ላይ መሆን የነበረበት ተጣጥፎ 18 ላይ ይወርዳል፤ 31 ላይ የነበረው 17 ላይ። ከሙዚቃው ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ይህንን ራስህ መፈተሽ ትችላለህ። ጌይኑን (ሲግናሉ የሚጎላበትን መጠን) ከፍ አድርግ፣ በቀጭኑ ክር 20ኛው ፍሬት አካባቢ ቀስ ብለህ ክሩን ወደ ላይ ሳብ። ኖታው ሲወጣ ከጀርባው አንዳች ፉጨት ነገር ሲወርድ ከሰማህ ያ ነው። ዛሬ ደህና የሚባሉት ሶፍትዌሮች በውስጣቸው የመለኪያውን ፍጥነት ብዙ እጥፍ ጨምረው ስለሚሠሩ ችግሩ እምብዛም አይሰማም። ብዙዎቹ ግን ይህንን ማብሪያ «ኢኮ» (ቆጣቢ) ወይም «ከፍተኛ ጥራት» በሚል ቅንብር ውስጥ ደብቀውታል። ኮምፒውተሩ እንዳይጨናነቅ ብለህ ዝቅ አድርገኸው ከሆነ መልሰው። ሶፍትዌርን ከሚያጣጥሉት አንጋፋዎች ብዙዎቹ የመጨረሻ ፍርዳቸውን የሰጡት በዚያ በድሮው ትውልድ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ዞር ብለው አላዩም።

አሁን ያሉት በሁለት መንገድ ነው የሚሠሩት። አንዱ ሰርኪዩቱን እያንዳንዱን ቲዩብ፣ ካፓሲተርና ትራንስፎርመር በሂሳብ አስመስሎ መገንባት ነው። ጥሩ ሆኖ ሲሠራ ሳጉም፣ የካፓሲተሩ ትዝታም፣ የመቆጣጠሪያ ቁልፎቹ ባሕሪም አብሮ ይመጣል። ሁለተኛው እውነተኛው አምፕ ላይ የሙከራ ሲግናል ልኮ የሚመለሰውን መቅዳት፣ ከዚያ ኒውራል ኔትወርክን በዚያ ማሠልጠን ነው። ኒውራል አምፕ ሞደለር የሚባለው ነፃና ክፍት ሶፍትዌር በዚህ መንገድ ነው የሚሄደው። የዚህኛው ትክክለኛነት በጣም አስደናቂ ነው። በተቀዳ ድምፅ ላይ ዐይንህን ጨፍነህ ለየው ብትባል የምትለይ አይመስለኝም። እኔም በእርግጠኝነት እለያለሁ ብዬ አልፎክርም።

ጉዱ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። ቅጂው የአምፑ የአንድ ቅጽበት ፎቶ ነው፤ ቮልዩሙ 6 ላይ፣ ትሬብሉ 5 ላይ እያለ የተነሳ። ሶፍትዌሩ ላይ ትሬብሉን ብታዞር የምታዞረው የአምፑን ቁልፍ አይደለም፤ ከውጪ የተለጠፈ ማስተካከያ ነው። እውነተኛው አምፕ ላይ ግን ቁልፎቹ እርስ በርሳቸው ይነካካሉ፤ ትሬብሉን ስታዞር ቤዙም ይንቀሳቀሳል። በተጨማሪ እንዲህ ያለው ሞዴል ወደ ኋላ የሚያየው ጊዜ አጭር ነው። ፈጣኑን ነገር ሁሉ በደንብ ይይዛል፤ ዝግ ብሎ የሚያገግመውን የቮልቴጅ ጎንበስ ማለት ግን አሳጥሮ ነው የሚያየው። ስለዚህ ዝም ብለህ ስትሰማው አታውቀውም፤ ስትጫወትበት አንዳንዴ ይሰማሃል።

በነገራችን ላይ «እውነተኛው» ስንል የትኛው ነው? በ1965 የተሠሩ ሁለት ዴሉክስ ሪቨርቦች ጎን ለጎን ብታስቀምጥ አንድ ዓይነት ድምፅ አይሰጡህም። በጊዜው የነበሩት ሬዚስተሮች ከፋብሪካ ሲወጡም ከተጻፈባቸው ዋጋ 10 በመቶ መዛነፍ የተፈቀደላቸው ነበሩ። በእርጅና ደግሞ ወደ ላይ ይንሸራተታሉ። የቮልዩም ቁልፎቹ ከዚያም ይብሳሉ። ካፓሲተሮቹ ይደርቃሉ። ስፒከሩ ምናልባት ተቀይሯል ወይም ወረቀቱ ታድሷል። ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለው አምፕ የአንድ የተመረጠ፣ በደንብ የተጠገነ አምፕ ግልባጭ ነው። የወዳጅህ አምፕ ከእሱ ጋር ባይመሳሰል የግድ ሶፍትዌሩ አልቻለም ማለት አይደለም። ሁለት የተለያዩ አምፖች ናቸው፤ አለቀ።

የስፒከሩን ክብደት ለማየት ታሪክ ራሱ ጥሩ ማስረጃ ትቶልናል። በ1962 ገደማ ለንደን ውስጥ የጂም ማርሻል ሱቅ ሠራተኞች የመጀመሪያውን ማርሻል ሲሠሩ የፌንደር ቤዝማን 5ኤፍ6-ኤ ሰርኪዩትን ነበር ከሞላ ጎደል እንዳለ የወሰዱት። ጄቲኤም 45 የሚባለው እሱ ነው። የሰርኪዩት ሥዕሎቹን ጎን ለጎን ብታያቸው የወንድማማች ነገር ነው። የመጀመሪያው ቲዩብ ጌይኑ ከፍ ያለ በሆነ ተቀየረ፤ ትራንስፎርመሮቹ እንግሊዝ ከሚገኙት ሆኑ። ከሁሉ በላይ ግን ቤዝማኑ ከኋላ ክፍት በሆነ ሳጥን ውስጥ አራት ባለ 10 ኢንች ጄንሰን ስፒከሮች ነበሩት። ማርሻሉ ድፍን ሳጥን ውስጥ በገቡ አራት ባለ 12 ኢንች ሰለሺን ስፒከሮች ተጫወተ። ከዚያ የወጣው ድምፅ ሌላ ሆነ፤ የሮክ ጊታር መልክ ተቀየረ።

እንግዲህ ሶፍትዌርህ ላይ የአምፕ ስም እያቀያየርክ ምሽትህን ከምትጨርስ የስፒከሩን ቅጂ ቀይር። አይአር ወይም ኢምፐልስ ሪስፖንስ የሚባለው ፋይል ነው። የስፒከሩን፣ የሳጥኑን፣ የማይኩንና የማይኩን አቀማመጥ ጠባይ በአንድ ላይ የያዘ ነው። ማይኩ ከስፒከሩ መሃል ላይ ሳይሆን ወደ ዳር ሸሽቶ የተቀዳውን ምረጥ። ራቅ ብሎ የተቀዳ ካለም ደባልቅበት። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ በፍጥነት ስለሚወድቅ፣ ከዚያ በላይ የሚሰማህ ጭረት ካለ የአይአሩ ወይም የሞኒተሩ ጥፋት ነው። እሱን በማጣሪያ ቀንስ። «መስታወቱ» ግማሽ በግማሽ የሚነሳው እዚህ ጋ ነው።

አሁን ወደ አንተ ሲስተም ልምጣ። «እኔ ነኝ የማላውቅበት?» ብለሃል። ምናልባት። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው መግቢያው ላይ ነው።

ጊታርህን የሰካኸው የጊታር ምልክት ያለበት ወይም «ኢንስት» የሚል መግቢያ ላይ መሆኑን እይ። ያ መግቢያ አንድ ሚሊዮን ኦም አካባቢ ተቃውሞ አለው፤ እንደ ፌንደሩ መግቢያ ማለት ነው። «ላይን» የሚለው መግቢያ ግን አሥር፣ ሃያ ሺህ ኦም ቢሆን ነው። ፒክአፕህ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው የጊታሩ ክፍል) እሱ ላይ ሲሰካ ይታፈናል፤ ቀጭኑ ድምፅ ጣራው ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩ ላይ ትሬብል ብትጨምርም የጠፋው አይመለስም።

ከዚያ የመግቢያው መጠን። ይሄን ልብ ብለህ ስማኝ። ሰዎች ቀረጻ ሲማሩ «ሜትሩ ቀይ ሳይነካ ከፍ አድርግ» ይባላሉ። ለአምፕ ሶፍትዌር ይህ ምክር ጎጂ ነው። አምፑ ሲግናሉ ስንት ቮልት መሆኑን ማወቅ አለበት፤ አለዚያ መቼ መሰበር እንዳለበት አያውቅም። ኢንተርፌስህ ላይ ጌይን ከፍ አድርገህ ከሆነ፣ ዴሉክሱ ገና ቮልዩም 3 ላይ ሲንኮሻኮሽ ታገኘዋለህ። ለስላሳ ምትና ጠንካራ ምት አንድ ዓይነት ይሆናሉ። ከዚያ «ሶፍትዌር ለጣት አይታዘዝም» ይባላል።

ማስተካከያው ቀላል ነው። የኢንተርፌስህ ማንዋል ላይ በጊታር መግቢያው ጌይን ዜሮ ሲሆን የሚቀበለው ከፍተኛ መጠን በዲቢዩ (የሲግናል ቮልቴጅ መለኪያ) ተጽፏል። ጥሩ ሶፍትዌሮችም የተሠሩበትን መጠን ይናገራሉ። ለምሳሌ ሶፍትዌሩ ጣራው 12 ዲቢዩ እንዲሆን ከተሠራና ኢንተርፌስህ 18 የሚቀበል ከሆነ፣ የኢንተርፌሱን ጌይን ዜሮ ላይ ትተህ ሶፍትዌሩ መግቢያ ላይ 6 ዲቢ ትጨምራለህ። ይኸው ነው። ኢንተርፌስህ የሚቀበለውም 12 ከሆነ ምንም አትንካ። ሜትሩ ዝቅ ብሎ ቢታይህ አትደንግጥ።

ስለ መዘግየት ብዙ ይወራል። በ48 ኪሎኸርዝ የ64 ሳምፕል በፈር (ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው የድምፅ ቁራጭ) 1.3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ደርሶ መልሱን፣ የመቀየሪያ ቺፖቹንም ስትጨምር ጥቂት ሚሊሰከንድ ይሆናል። ድምፅ ደግሞ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ከአምፑ ሦስት ሜትር ርቀህ ስትጫወት 9 ሚሊሰከንድ እየዘገየ ነው የሚደርስህ፤ ማንም አያማርርም። ስለዚህ በፈሩን ዝቅ አድርገህ ካስተካከልክ ከዚህ በኋላ መዘግየትን አትክሰስ። የብሉቱዝ ሄድፎን ግን በጭራሽ! እሱ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሌላ የሚደጋገም ስህተት አለ። የሶፍትዌሩን ድምፅ የጊታር አምፕ ውስጥ አስገብተው፣ ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለውን የስፒከር ቅጂ ሳያጠፉ የሚጫወቱ አሉ። ስፒከር በስፒከር ላይ ነው፤ ድምፁ ብርድ ልብስ የተጣለበት ይሆናል። ወይ አንዱ፣ ወይ ሌላው።

ይህ ወደ ዋናው ምክሬ ይወስደኛል። ክፍል ውስጥ የሚሰማህን ያንን ስሜት ከፈለግክ፣ አንድ ፓወር አምፕ (ስፒከር የሚገፋ ማጉያ)ና አንድ እውነተኛ ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከር በሳጥን ፈልግ። የሶፍትዌሩን አይአር አጥፋና በዚያ ተጫወት። ካላደረግከው አታምነኝም እንጂ፣ ወዳጅህ ዘንድ የሰማኸው ነገር አብዛኛው ተመልሶ ይመጣል። የማይመጣ አንድ ነገር አለ። ስፒከር 8 ኦም ነው ቢባልም 8 ኦም የሚሆነው በተወሰነ ቦታ ብቻ ነው። ወደ ታች፣ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ አካባቢ፣ ተቃውሞው ብዙ እጥፍ ይዘላል፤ ወደ ላይም ቀስ እያለ ይወጣል። የቲዩብ አምፕ ለዚህ መነሳትና መውደቅ ይታዘዛል፤ እዚያ ቦታዎች ላይ ድምፁን ያጎላል። የትራንዚስተር ፓወር አምፕ ግን በአብዛኛው ግድ የለውም። ቮክስ ኤሲ 30 በተባለው አምፕ ላይ ይህ ባሕሪ ጎልቶ ይታያል፤ ምክንያቱም የኋለኛው ክፍሉን የሚገራ ኔጌቲቭ ፊድባክ የለውም። የፓወር አምፕህ ላይ «ፕረዘንስ» እና «ሬዞናንስ» የሚሉ ቁልፎች ካሉ ይህንኑ ለማካካስ ስለሆኑ ተጠቀምባቸው።

ሶፍትዌሩንና አምፑን በትክክል ማወዳደር ከፈለግክ ደግሞ ዘዴ አለው። ጊታርህን ደረቁን፣ ያለ ምንም አምፕ ቅዳ። ያንን ቅጂ በሪአምፕ ቦክስ (የተቀዳን ድምፅ መልሶ የጊታር ሲግናል የሚያስመስል ሳጥን) በኩል ወደ ወዳጅህ አምፕ ላከውና ማይክ ደቅነህ ቅዳው። ያንኑ ቅጂ በሶፍትዌሩም አሳልፈው። አሁን እጅህ ከጨዋታው ወጥቷል። የሁለቱን ድምፅ መጠን በጥንቃቄ እኩል አድርግ፤ በአንድ ዲቢ ከፍ ያለው ሁልጊዜ «የተሻለ» ይመስላል፤ ማንም ከዚህ አያመልጥም። ሌላ ሰው እየቀያየረ ያሰማህ፤ ስክሪኑን አትይ። ይህ ስለ ድምፁ ይነግርሃል።

ስለ ጣት ምላሹ ግን ሌላ ፈተና ያስፈልጋል፤ ቁጭ ብለህ መጫወት አለብህ። አምፑ ቮልዩም 6 ላይ ይሁን። ጊታሩን ሙሉ አድርገህ ወፍራሙን ክር ጠንከር አድርገህ ምታው፣ ይደር። ከዚያ የጊታርህን ቮልዩም ወደ 4 አውርድና በለስላሳ ጣት ድገመው። ጥሩ አምፕ ከጩኸት ወደ ጥርት ያለ ድምፅ ሳይቋረጥ ይሸጋገራል፤ መሃል ላይ ጠንካራ ምት ብቻ የሚሰብረው ቦታ አለ። ሶፍትዌርህ ያንን መሃል ካገኘው በቂ ነው። ካላገኘው ወይ መግቢያህ አልተስተካከለም፣ ወይ ሶፍትዌሩ ደካማ ነው። መግቢያውን መጀመሪያ ጠርጥር።

እንግዲህ ልግዛው ወይስ አልግዛው? መቼና የት እንደምትጫወት ይወስነዋል። ሌሊት በዝግታ ተጫውተህ የምትቀርጽ ከሆነ አትግዛው። ዴሉክስ ሪቨርብ ቮልዩም 2 ላይ ጥርት ያለ፣ ቆንጆ ድምፅ አለው፤ ግን እስካሁን የነገርኩህ ነገር ሁሉ ገና አልነቃም። የኋለኛው ክፍል ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። ይህን ጥርት ያለ ድምፅ ደግሞ ሶፍትዌር በቀላሉ ነው የሚያመጣው። አምፑን ለመቀስቀስ ወደ 5 እና 6 መድረስ አለብህ፤ እዚያ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ አብሮህ ይሰማል። በስፒከሩ ፈንታ አምፑ ላይ የሚሰካ ሎድ ቦክስ አለ፤ ጉልበቱን ይውጠውና ድምፁን ወደ ኮምፒውተር ይሰጥሃል። እውነተኛ አምፕ፣ የሶፍትዌር ስፒከር ማለት ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ብዙ ባለሙያ ዛሬ በዚህ ይሠራል። ነገር ግን ወይ ስፒከር ወይ ሎድ ቦክስ ሳይሰካበት የቲዩብ አምፕ አይጫወትም። የውጤት ትራንስፎርመሩን ልታቃጥለው ትችላለህ።

ከባንድ ጋር የምትጫወት ከሆነ፣ ወይም ድምፁን ከፍ አድርገህ ብትጫወት የሚቆጣ የሌለበት ቦታ ካለህ፣ ያኔ ግዛው። እኔ ብሆን አላቅማማም። ከ1963 እስከ 1967 ድረስ ባለው ጥቁር ፊት (የመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ጥቁር በነበረበት) ዘመን ከተሠራ ሰርኪዩቱ ያው ነው። የአሜሪካው የብሮድካስት ኩባንያ ሲቢኤስ ፌንደርን በ1965 ከገዛ በኋላ ወዲያው የተበላሸ የሚመስላቸው አሉ፤ ያ ወሬ ከድምፁ ይልቅ ለሻጭ ነው የሚጠቅመው።

ከመክፈልህ በፊት ግን ጥቂት ነገር እይ። ሶኬቱ ባለ ሁለት እግር ከሆነ ወደ ባለ ሦስት፣ መሬት ያለው መቀየር አለበት። በዚያ ዘመን ከመብራቱ መስመር ወደ ብረት አካሉ የሚሄድ አንድ ካፓሲተር ነበረ፤ ከተበላሸ አካሉን ኤሌክትሪክ ያስይዘዋል፤ እጅህ ክሩ ላይ፣ ከንፈርህ ማይክ ላይ ሆኖ ማለት ነው። እሱም መውጣት አለበት። ትልልቆቹ የማጣሪያ ካፓሲተሮች መቼ እንደተቀየሩ ጠይቅ። የዚያ ዘመን ከሆኑ መቀየራቸው አይቀርም፤ «ኦሪጅናል ነው» ተብለህ እንዳትታለል። ትራንስፎርመሮቹ ግን ኦሪጅናል ቢሆኑ ይመረጣል። አምፑ የተሠራው ለአሜሪካ መብራት ከሆነና ያለህበት 220 ቮልት ከሆነ፣ ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ያስፈልግሃል። አንተ ራስህ ጀርባውን ከፍተህ እጅህን አታስገባ፤ ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ አለ፤ ሶኬቱ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ ይዘውት ሊቆዩ ይችላሉ።

ወዳጅህ ፈቃደኛ ከሆነ ደግሞ ለሳምንት ያውስህ። መጀመሪያ የመግቢያህን መጠንና አይአሩን አስተካክል፤ ከዚያ አምፑን አጥፍተህ የስፒከሩን ገመድ ከአምፑ ጀርባ ካለው መሰኪያ ንቀል፣ ሶፍትዌሩን በፓወር አምፕ አድርገህ በዚያው ስፒከር ተጫወት። አምፑ በዚያን ጊዜ እንደጠፋ ይቆይ፤ ስፒከር የለውምና።